ድሬዳዋ ስታዲየም

ድሬዳዋ ስታዲየም በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976) የተካሄደውን 10ኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ከአዲስ አበባ ጋር ያስተናገደ ሜዳ ነው። ውድድሩ ስምንት ቡድኖች ብቻ ነበሩበት፤ አራቱ ድሬ ወረዱ። ስለዚህ "አዲስ አበባ የተካሄደው ዋንጫ" የሚባለው ነገር የድሬን ልጅ ቢያናድደው አይፈረድበትም።

ለድሬ የደረሳትም ቀላል ምድብ አልነበረም። ኢትዮጵያ ከጊኒ፣ ከግብፅና ከኡጋንዳ ጋር አዲስ አበባ ስትቀር፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ወደ ድሬ መጡ። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ ዋንጫውን አንስታ፣ በዚያው ዓመት ዓለም ዋንጫ ላይ ተጫውታለች። ድሬ ላይ ግን አልሆነላትም። በመክፈቻው ናይጄሪያ 4 ለ 2 ረታቻት፣ ሞሮኮ 1 ለ 0 ደገመቻት፣ ከሱዳን 1 ለ 1 ወጥታ የምድቡ ጭራ ሆና ተሸኘች። ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፋ ምድቡን መራች፤ ሁለቱ ተያይዘው አለፉ። ያኔ የፍጻሜ ጨዋታ ስላልነበረ ከሁለቱ ምድብ ያለፉት አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጋጥመው፣ መጋቢት 5 ቀን ሞሮኮ ከጊኒ 1 ለ 1 ተለያይታ በነጥብ ዋንጫውን ወሰደች። እስከ ዋንጫው ያደረሳት መንገድ የተጀመረው እዚህ ነው።

ከተማዋ ለኳስ አዲስ አልነበረችም። ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የተቆረቆረችው ድሬ የፋብሪካ ከተማ ሆነች፤ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ኮተን አምስት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያ አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎም ለኮተን ተጫውቷል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እንግዳን ትንፋሽ ታሳጥረዋለች። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች፤ እዚህ የሚፈትነው ሙቀቱ ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣው ደጋፊ ጫቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ውሃውን በእጁ ይዞ ነው የሚገባው፤ ቀድሞ የሚያልቀውም የጥላው ወገን ቦታ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ድሬ አንዷ ነበረች። የከተማው ክለብ ድሬዳዋ ከተማም ሜዳው ይኸው ነው።