የኖርፎክ ካውንቲ የገጠር ታሪክ በጥንታዊ ካርታዎች

ኖርፎክ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰሜን ባሕር ዳርቻ የምትገኝ ሰፊ የገጠር ካውንቲ ናት። የቆዳ ስፋቷ 5,370 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዋና ከተማዋ ኖርዊች በእግር ኳስ ቡድኗ ምክንያት ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይደለችም። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የሚታየው ግን የእርሻ ማሳ፣ የቁጥቋጦ አጥር፣ በየመንደሩ የቆመ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን፣ ረግረግና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ይህ መልክ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ቢመስልም አብዛኛው ካለፉት ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት ወዲህ በሕግ፣ በገንዘብና በጦርነት የተቀረጸ ነው። ለውጡን ደረጃ በደረጃ ለመከታተል ከሚረዱት ምንጮች መካከል ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሠሩት ካርታዎች ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእነዚህ ካርታዎች መካከል ለታሪክ ተመራማሪ ታስቦ የተሠራ አንድም የለም። አንዱን ንጉሣዊ መንግሥት ለአስተዳደርና ለመከላከያ አሠርቶታል፤ ሌላውን ባለርስቱ ግብሩን ለማስላት፣ ሌላውን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አሥራቷን ለማስከበር ፈልጋዋለች። ከፋዩ ያልፈለገው ነገር በካርታው ላይ አይገኝም፤ የፈለገው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከእውነታው ገዝፎ ይታያል። ስለዚህ ካርታውን ማን እንዳሠራው፣ ለምን ዓላማና በማን ወጪ እንደተሠራ ሳይጠይቁ መንደሩን በላዩ ላይ መፈለግ ብዙውን ጊዜ ለተሳሳተ መደምደሚያ ይዳርጋል።

ቀደምቶቹ የካውንቲ ካርታዎች

የመጀመሪያው የታተመ የኖርፎክ ካርታ ክሪስቶፈር ሳክስተን በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ በ1574 ያወጣው ነው። ወንዞችን፣ መንደሮችንና በእንጨት አጥር የተከበቡትን የመኳንንት የአጋዘን ማርቢያዎች ያሳያል፤ ከፍታ ቦታዎቹን እንደ ኩይሳ አድርጎ ያስቀምጣል፤ መንገድ ግን የለበትም። በ1611 የጆን ስፒድ ካርታ ሲወጣ የኖርዊች ከተማ ፕላንና የውስጥ አስተዳደር ወሰኖች ተጨመሩ። ስፒድ የሠራው በአብዛኛው ከሳክስተን ወስዶ ሲሆን፣ ራሱም ማጭዱን ወደ ሌሎች ሰዎች አዝመራ እንዳስገባ ሳይሸሽግ ጽፏል። ይህ ግልጽነት ለዛሬ አንባቢ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንድ መንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ካርታ ላይ ስሙ ስለተጻፈ ብቻ በዚያ ወቅት ሰው ይኖርበት ነበር ማለት እንደማይቻል ያሳያልና። በሚሽከረከር ጎማ ርቀትን እየለካ የእንግሊዝን መንገዶች በ1675 ያሳተመው ጆን ኦጊልቢ ከለንደን ወደ ኖርዊች የሚወስደውን መንገድ አካትቷል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስላለው ገጠር የሚነግረን ግን ጥቂት ነው።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። በ1759 በለንደን የሚገኘው የኪነ ጥበባት ማኅበር በአዲስ ቅየሳ ላይ ተመሥርቶ፣ አንድ ማይልን በአንድ ኢንች በሚወክል መስፈርት የካውንቲ ካርታ ለሚያዘጋጅ ሰው የ100 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። ለቅየሳው ከሚወጣው ወጪ አንጻር ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ፉክክሩን ቀሰቀሰው። የኖርፎክ ተራ የደረሰው በ1797 ሲሆን፣ ቶማስ ሚልንና ቶማስ ዶናልድ በ1790ዎቹ መጀመሪያ ቀይሰው የጨረሱትን ካርታ የንጉሡ የካርታ ነጋዴ የነበረው ዊልያም ፌደን በስድስት ትላልቅ ወረቀቶች አሳተመው።

የፌደን ካርታ ልዩ ዋጋ የሚመነጨው ከታተመበት ወቅት ነው። የወል መሬት በፓርላማ ሕግ እየታጠረ ለግል ባለይዞታዎች የሚከፋፈልበት ሂደት በኖርፎክ ይበልጥ የተፋፋመው ከ1793 እስከ 1815 ከፈረንሳይ ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ወቅት ሲሆን፣ የእህል ዋጋ በመናሩ ድሃ መሬት እንኳ ማረሱ አዋጭ ሆኖ ነበር። ፌደን ያሳተመው ካርታ ይህ ሁሉ ከመፈጸሙ ትንሽ ቀደም ብሎ የነበረውን ገጠር ይዞ ቆይቷል። በየመንደሩ ዳር የተዘረጉ የወል ግጦሾች፣ የጥንቸል ማርቢያ የሆኑ አሸዋማ ሜዳዎች፣ በሜዳው ላይ አጥር ሳይኖራቸው በነጠብጣብ መስመር የሚያልፉ መንገዶች በግልጽ ተለይተው ይታያሉ።

ከኖርዊች በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የማውስሆልድ ሜዳ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1549 ሮበርት ኬት የመራቸው በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች የወል መሬት መታጠሩን በመቃወም የሰፈሩት እዚህ ነበር፤ አመፁ በጦር ኃይል ተደምስሶ ኬት በኖርዊች ቤተ መንግሥት ግንብ ላይ ተሰቀለ። በፌደን ካርታ ላይ ሜዳው ከከተማዋ በር ተነሥቶ ብዙ አጥቢያዎችን እያዳረሰ ርቆ ሲሄድ ይታያል። ኬት የሞተለት ጉዳይ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በሰላማዊ የፓርላማ ሕግ ተሸነፈ፤ ዛሬ በዚህ ስም ተጠብቆ የሚገኘው መሬት 74 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። አንድሩ ብራያንት በ1826 ባሳተመው የካውንቲ ካርታ ላይ ቀድሞ ክፍት በነበሩት ሜዳዎች ውስጥ በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉ ቀጥ ያሉ መንገዶች ታይተዋል። ዛሬም በኖርፎክ ገጠር ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ በግራና በቀኙ ሰፊ ሣር ያለበት መንገድ ሲያጋጥም ከመሬት ክፍፍሉ ጋር የተቀየሰ ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል።

ለክፍፍሉ ሲባል የተሠሩት ካርታዎች ማን ስንት እንደደረሰው ይናገራሉ። በወል ሜዳው ላይ ላም ያሰማራና ለማገዶ ቁጥቋጦ ይቆርጥ የነበረው ድሃ በብዙ ቦታ በግሉ ያገኘው ነገር የለም፤ በምትኩ በባለአደራዎች የሚተዳደር የማገዶ መሬት ለአጥቢያው ድሆች በጋራ ይቆረጥላቸው ነበር። እነዚህ ቁራጭ መሬቶች «የድሆች መሬት» እየተባሉ በኋለኞቹ ካርታዎች ላይም ቀጥለዋል።

የአሥራት ካርታዎች

አንድን አጥቢያ በቅርበት ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም የበለጠ ጥቅም የሚሰጡት በ1836 የወጣውን የአሥራት ሕግ ተከትለው የተሠሩት ካርታዎች ናቸው። ለዘመናት ለቤተ ክርስቲያን በእህል፣ በበግና በሌላ ምርት ሲከፈል የኖረው አሥራት በዚህ ሕግ ወደ ገንዘብ ክፍያ ተለወጠ። ክፍያውን በትክክል ለመደልደል እያንዳንዱ ማሳ ተለክቶ ቁጥር ሊሰጠው ግድ ሆነ፤ ከካርታው ጋርም ዝርዝር መዝገብ ተዘጋጀ። በአገራችን በንጉሡ ዘመን አሥራት ይከፈል እንደነበርና መሬትም በቀላድ ይለካ እንደነበር ለሚያውቅ አንባቢ የአሠራሩ መንፈስ ሩቅ አይሆንበትም፤ የእንግሊዝ ቀያሽ የሚጎትተው ግን 66 ጫማ ርዝመት ያለው የብረት ሰንሰለት ነበር።

መዝገቡ ሲገለጥ በመጀመሪያው ዓምድ የባለርስቱ ስም፣ ቀጥሎ መሬቱን ይዞ የሚያርሰው ተከራይ፣ ከዚያ የማሳው ቁጥር፣ ስምና ዓይነት ይገኛል። መሬቱ የሚታረስ፣ ግጦሽ፣ የድርቆሽ ሜዳ ወይም ደን መሆኑ ከተገለጸ በኋላ ስፋቱ በኤከር፣ በሩድና በፐርች፣ በመጨረሻም የሚከፈለው ገንዘብ ይሰፍራል። የ1841 የሕዝብ ቆጠራ ለአብዛኞቹ አጥቢያዎች በቅርብ ዓመት ስለሚገጥም የተከራዩን ስም ከቆጠራው ጋር በማስተያየት ቤተሰቡን፣ የሥራ ዓይነቱንና ብዙ ጊዜ ቤቱ ያለበትን ቦታ ጭምር ማወቅ ይቻላል። የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ወደ እነዚህ መዛግብት የሚጎርፉትም በዚህ ምክንያት ነው።

የማሳ ስሞች ራሳቸውን የቻሉ ማስረጃዎች ናቸው። ጡብ መጥበሻ፣ ርግብ ቤት ወይም የጸሎት ቤት የሚል ስም የያዘ ባዶ ማሳ የጠፋ ሕንፃ ይጠቁማል። ከመንደሩ እጅግ የራቁ ማሳዎች ደግሞ እስረኞች በሚጋዙበት በአውስትራሊያው ቦታኒ ቤይ ስም መጠራታቸው በእንግሊዝ ገጠር የተለመደ የገበሬ ቀልድ ነበር። ሆኖም ስሙን የጻፈው ከገበሬው አፍ የሰማ ጸሐፊ በመሆኑ የተዛባ አጻጻፍ አይታጣም። የአሥራት ካርታዎች ሁሉ እኩል ትክክለኛ እንዳልነበሩም መዘንጋት አይገባም፤ በመላው እንግሊዝና ዌልስ ከተሠሩት ከ11,000 በላይ ካርታዎች ውስጥ ሕጉን ባስፈጸሙት ኮሚሽነሮች አንደኛ ደረጃ ተሰጥቷቸው በማኅተም የጸደቁት ከአምስቱ አንዱን እንኳ አይሞሉም።

ካርታው መሬት ላይ ሲፈተሽ

የካርታና የመሬት ምርመራ ተደጋግፈው ምን ያህል ርቀው እንደሚሄዱ የኖርፎክ ሐይቆች ታሪክ ያሳያል። ከኖርዊች በስተምሥራቅ ባሉት የወንዝ ሸለቆዎች የተበተኑት ብሮድስ የሚባሉት ሐይቆች ለረጅም ጊዜ የተፈጥሮ ሥራ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። በ1950ዎቹ የዕፅዋት ተመራማሪዋ ጆይስ ላምበርት ሐይቆቹን በጠባብ ርቀት እየቆፈረች ናሙና ስታወጣ ጎናቸው ቀጥ ብሎ የወረደ፣ ወለላቸውም ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርታዎች ላይም የአጥቢያ ወሰኖች በውሃው መካከል ያልፉ ነበር፤ ተርታ ይዘው የሚታዩት ጠባብ ደሴቶችም ሳይቆፈሩ የቀሩ ድንበሮች መሆናቸው ታወቀ። ከዚህ በመነሣት ሐይቆቹ በመካከለኛው ዘመን ነዋሪዎች ለማገዶ የሚሆን የረግረግ አፈር የቆፈሩባቸው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ውሃው ከፍ ሲል የተዋጡ ጉድጓዶች መሆናቸው ተረጋገጠ። የአሥራት ካርታዎቹን ከዛሬው ጋር ማስተያየት ደግሞ ክፍት ውሃው በሸምበቆና በዛፍ እየተያዘ ምን ያህል እንደጠበበ ያሳያል።

ጎድዊክ የተባለው ጠፍ መንደር ሌላው ምሳሌ ነው። በ1596 የተሣለ የርስት ካርታ መንደሩ እየሞተ ባለበት ሰዓት ያገኘዋል፤ መንገዱ ገና አለ፣ የቤት ቦታዎቹ ተሸንሽነው ይታያሉ፣ ብዙዎቹ ግን ባዶ ናቸው። ዛሬ በሥፍራው የፈረሰ የቤተ ክርስቲያን ግንብና ትልቅ ጎተራ ቆሟል፤ በሣሩ ላይ የሚታየው ጎድጓዳ መስመር የቀድሞው መንገድ መሆኑን የሚነግረን ያ ካርታ ነው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ በተለይ በክረምት ማለዳ፣ የቤቶቹ ድንበር በጥላ ጎልቶ ይወጣል።

ከጦር ካርታ እስከ አየር ፎቶግራፍ

በ1791 የፈረንሳይ ወረራ ሥጋት ሲያንዣብብ የተቋቋመው ኦርድናንስ ሰርቬይ የተሰኘው የመንግሥት የካርታ ድርጅት ኖርፎክን በአንድ ኢንች መስፈርት ያሳተመው በ1830ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። እጅግ ዝርዝር የሆነው የ1:2,500 ካርታ የተከተለው በ1880ዎቹ ሲሆን፣ በላዩ የውሃ ጉድጓድ፣ የኖራ ማቃጠያ፣ አንጥረኛ ቤት፣ በአጥር ውስጥ ያለ ነጠላ ዛፍ ሳይቀር ይገኛል። በኤክልስ የባሕር ዳርቻ ማዕበል ሲቦረቡረው የኖረው የቤተ ክርስቲያን ግንብ በጥር 1895 ስለወደቀ በሁለት ተከታታይ እትሞች መካከል ከካርታው የተሰናበተ ሐውልት ነው ማለት ይቻላል። ጥንታዊ ቅርሶች በተለየ የፊደል ቅርጽ ይጻፋሉ፤ ቦታቸው የተወሰነው ግን ብዙ ጊዜ በአካባቢው ቄስ ወይም ባላባት ቃል ስለሆነ ሁሉንም እንዳለ መቀበል አይገባም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በካርታዎቹ ላይ ክፍተት ጥሏል። በ1942 ቶቲንግተን፣ ስታንፎርድ፣ ዌስት ቶፍትስና አጎራባቾቻቸው ለጦር ልምምድ ሲባል ተለቅቀው ነዋሪዎቹ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። በካውንቲው የተሠሩት ከሠላሳ በላይ የአየር ማረፊያዎች በምሥጢርነታቸው ምክንያት ከጦርነቱ በኋላ በወጡ ካርታዎች ላይ ሳይቀር ተትተዋል፤ ማኮብኮቢያ በነበረበት ቦታ ላይ የቀድሞው ማሳ ብቻ ይታያል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የእንግሊዝ አየር ኃይል በ1946 አካባቢ ያነሣው ተከታታይ የአየር ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ቀጣዩ ትውልድ ለትላልቅ የእርሻ መሣሪያዎች ሲል የነቀለውን አጥርም ጭምር መዝግቦታል።

አጠቃቀም

ዋናዎቹ ቅጂዎች በኖርዊች በሚገኘው የካውንቲው ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የካውንቲው ምክር ቤት የአሥራትና የመሬት ክፍፍል ካርታዎችን ከአየር ፎቶግራፎቹ ጋር በዛሬው ካርታ ላይ ደርቦ በኢንተርኔት አቅርቧል፤ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም የኦርድናንስ ሰርቬይን አሮጌ ካርታዎች በነፃ ያሳያል። ልምድ ያላቸው ተመራማሪዎች ከዛሬ ተነሥተው ወደ ኋላ ይሄዳሉ እንጂ ከሳክስተን አይጀምሩም። ቤተ ክርስቲያን፣ ድልድይና የአጥቢያ ወሰን ቶሎ ስለማይነቃነቁ መነሻ ሆነው ያገለግላሉ። የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ካርታዎች በኮምፒውተር ተስበው በዛሬው ካርታ ላይ ቢደረቡ ከመጣመም በቀር ትርጉም አይሰጡም።

በካርታው ጥግ የተጻፈው ዓመትም ያታልላል። ቅየሳው ከኅትመቱ በብዙ ዓመታት ሊቀድም ይችላል፤ በአንድ ኢንቹ የኦርድናንስ ሰርቬይ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው የኅትመት ዓመት ሳይለወጥ ኋላ የተሠራ የባቡር ሐዲድ እየተቀረጸ ይጨመር ነበር። በዚህ የተነሣ 1838 የሚል ካርታ በዚያ ዓመት ያልነበረ ሐዲድ ይዞ ይገኛል። ጉዳዩ ከታሪክ ፍላጎት አልፎ ሕጋዊ መዘዝ አለው፤ በእንግሊዝ የተዘነጋ የሕዝብ መተላለፊያ እንዲመለስ የሚጠይቁ ሰዎች የፌደንን፣ የብራያንትንና የአሥራት ካርታዎችን በማስረጃነት ያቀርባሉ፤ አንድ ካርታ መንገዱን ቢያሳይም ሕዝብ የመተላለፍ መብት ነበረው ወይስ የግል መንገድ ነበር የሚለውን ለብቻው ስለማይወስን መርማሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ከክፍፍል ሰነዱና ከሌሎች መዛግብት ጋር ያመሳክሩታል።