ቤግል በሳልመን

ቤግል መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ የስንዴ ዳቦ ነው። መልኩ ቦምቦሊኖ ይመስላል፤ ግን በዘይት አይጠበስም። ሊጡ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ብቅል ወይም ማር በገባበት የፈላ ውኃ ለአጭር ጊዜ ይቀቀላል። ውጪው የሚያብረቀርቀው፣ ውስጡም ድድር ብሎ አገጭ የሚያደክመው ለዚህ ነው።

ዳቦው የፖላንድ አይሁዳውያን ነው፤ የክራኮቭ ማኅበረሰባቸው በ1610 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ውስጥ ስሙ ይገኛል። አንድ የቪየና ጋጋሪ በ1683 ቱርኮችን ለመከተው የፖላንድ ንጉሥ ሶቢየስኪ ክብር በእርካብ ቅርጽ ሠራው የሚለው ወሬ ደስ ይላል፤ ችግሩ 73 ዓመት መዘግየቱ ነው።

በዳቦው ውስጥ የሚገቡት ዓሣውና አይቡ ግን የአሜሪካ ናቸው። ሳልመን የተባለው ዓሣ ከፓስፊክ ዳርቻ ጨው ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በበርሜል ሆኖ፣ በባቡር ወደ ምሥራቅ ይጓዝ ነበር። ክሬም ቺዝ የተባለው ለስላሳ አይብ በ1870ዎቹ የተጀመረው በኒውዮርክ ግዛት፣ ቼስተር በተባለች ከተማ ነው። ያገናኛቸው የሃይማኖት ሕግ ነው፦ አይሁዳዊ ሥጋን ከወተት ጋር አይበላም፤ ዓሣ ግን ከሥጋ አይቆጠርም። ስለዚህ ሥጋ ሻጩ ሌላ፣ ዓሣና የወተት ውጤት ሻጩ ሌላ ሆነ። የኋለኛው ሱቅ «አፐታይዚንግ» ይባላል። ከእነዚህ ስመ ጥሩ በ1914 የተመሠረተው ረስ ኤንድ ዶተርስ («ረስና ሴት ልጆቹ») ነው፤ ባለቤቱ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሦስት ሴት ልጆቹን ሸሪክ አድርጎ ስሙን በእነሱ አወጣው። ለዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር።

«ሎክስ» በይዲሽ፣ ማለትም በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ፣ ሳልመን ማለት ነው። በጥብቅ አነጋገር ሎክስ በጨው ብቻ የተዘጋጀው ሲሆን፣ በቀዝቃዛ ጢስ የታጠነው «ኖቫ» ነው። ገበያተኛው ግን ሁለቱንም ሎክስ ይላል።

ወደ ምግብነቱ ስንመጣ፣ 100 ግራም የሚመዝን ቤግል ወደ 260 ካሎሪ አለው፤ አብዛኛው ከስታርች የሚገኝ ነው። የታጠነ ሳልመን በ100 ግራም 18 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ በተጨማሪም ኦሜጋ 3 የተባለውን ጠቃሚ ቅባት እና ቫይታሚን ቢ12 ይሰጣል። ክሬም ቺዝ በስሙ አይብ ይባል እንጂ ካሎሪው በአብዛኛው ከቅባት ነው። ቀዝቃዛ ጢስ ዓሣውን ስለማያበስለው ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ሊተርፍበት ይችላል፤ ነፍሰ ጡሮች እንዲተዉት የሚመከረውም በዚህ ሳቢያ ነው። ለሌላው ሰው ዋናው ስጋት ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን የፈቀደው ሶዲየም ከ2000 ሚሊግራም በታች ሲሆን፣ 100 ግራም ሎክስ ብቻውን እዚያ ሊደርስ ይችላል። ከላይ የሚበተነው ኬፐር የተባለው የቁጥቋጦ እምቡጥም ቢሆን በጨው የተዘፈዘፈ ነው።