«ኦፕቲካል ዴፕዝ» ሜትር አይደለም

ሪያድ ላይ የአቧራው «ኦፕቲካል ዴፕዝ» 1 ነው ሲባል አንድ ሜትር እንዳይመስላችሁ። ስሙ ነው የሚያሳስተው፤ «ዴፕዝ» ጥልቀት ማለት ነውና። ቁጥሩ አሃድ የለውም፤ የሚነግረን አየር ላይ የተንሳፈፈው ብናኝ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚጋርድ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች 1 ከሆነ፣ ብናኙን አልፎ በቀጥታ የሚደርሰን 37 በመቶ ገደማ ነው። 2 ሲሆን ግን የዚያ ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ወደ 14 ይወርዳል።

በረሃ ላይ ይህን ቁጥር ለመለካት ሳተላይትም ይቸገራል። አሸዋውም አቧራውም ከላይ ደማቅ ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ላይ የተበተነ ዱቄት እንደመፈለግ በሉት። በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ግን አሸዋው ይጠቁራል፣ አቧራው ጎልቶ ይወጣል። የናሳ «ዲፕ ብሉ» ስሌት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው።

ደግሞ ቁጥሩ ከመሬት እስከ ላይ ያለውን ብናኝ ሁሉ ይደምራል። አቧራው ከፍ ብሎ እያለፈ ከሆነ፣ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ መንገዱ ላይ ያለው አየር ንጹህ ሊሆን ይችላል።