ሰብአርክቲክ አየር ንብረት የት የት ነው ያለው? ለምንስ?

ሰብአርክቲክ ሲባል ብዙ ሰው ዓመት ሙሉ በረዶ የሆነ ቦታ ይመስለዋል፣ ግን እንደዛ አይደለም። ኮፐን በሚባለው የአየር ንብረት አመዳደብ የወሩ አማካይ ሙቀት 10 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዛ በላይ የሚሆነው በዓመት ከ1 እስከ 3 ወር ብቻ ከሆነ ነው ሰብአርክቲክ የሚባለው፣ አንድም ወር 10 ካልደረሰ ቱንድራ ነው፣ እዛ ደን የሚባል ነገር የለም።

ቦታው በአብዛኛው ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ሰሜን መሀል ነው፦ የአላስካ መሀሉ፣ ሰፊው የካናዳ ክፍል፣ የስካንዲኔቪያ ሰሜኑ፣ ከዛ ሳይቤሪያ። በደቡብ ንፍቀ ክበብ የለም ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም በዛ ኬክሮስ ያለው ባህር ነው እንጂ ሰፊ መሬት አይደለም።

ዋናው ጉዳይም ይሄ የባህርና የመሬት ነገር ነው፣ ለዋልታ መቅረብ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። የኖርዌይዋ ትሮምሶ 69 ዲግሪ ላይ ሆና ጥር ላይ አማካይዋ ከዜሮ በታች 4 አካባቢ ነው፣ ወደቧም አይቀዘቅዝም፣ የሳይቤሪያዋ ያኩትስክ ግን 62 ዲግሪ ላይ ሆና ከዜሮ በታች 38 አካባቢ ትወርዳለች! ትሮምሶን የአትላንቲክ ሞቃት ውሃ ያሞቃታል፣ ያኩትስክ ደግሞ የአትላንቲክ አየር ሺህ ኪሎሜትሮችን አቋርጦ ሙቀቱን ጨርሶ ነው የሚደርሳት፣ በምስራቅ በኩል ተራራ ፓሲፊክን ይጋርድባታል፣ በቀዝቃዛዎቹ ወራት (ታህሳስና ጥር አካባቢ) ፀሐይዋ ለአጭር ሰዓት ዝቅ ብላ ትታይና ያቺኑ ብርሃን በረዶው መልሶ ይመልሳታል፣ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሙቀቱ ወደላይ ያመልጣል፣ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ኦይምያኮን በምትባለው የሳይቤሪያ መንደር ብርዱ እንደዛ የሚበረታው ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ነው።

ባህር የራቀው መሬት ግን ሲሞቅም ቶሎ ነው የሚሞቀው። የሳይቤሪያዋ ቬርኮያንስክ እ.ኤ.አ. በ1892 ከዜሮ በታች 67.8 የተለካባት ከተማ ናት፣ ሰኔ 2020 ላይ ደግሞ 38 ዲግሪ ሞቀች፣ ከ100 ዲግሪ በላይ ልዩነት በአንድ ከተማ!

እዛ መሬቱ ግን ከላይ ትንሽ ሜትር ብቻ ነው የሚቀልጠው፣ ከስር ፐርማፍሮስት፣ ማለትም ዓመት ሙሉ የማይቀልጥ የቀዘቀዘ አፈር ነው። ያኩትስክ ውስጥ ሸርጊን የሚባል ሰው ውሃ ፍለጋ ጉድጓድ አስቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ1837 ሲቆም 116 ሜትር ደርሶ ነበር፣ ግን አሁንም የቀዘቀዘ አፈር ነው ያገኘው። ለዚህ ነው እዛ ፎቆች ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብለው የሚሰሩት፣ የቤቱ ሙቀት መሬቱን ካቀለጠው ህንፃው ይሰምጣል ወይ ይሰነጠቃል።