የእንቁጣጣሽ ሥዕልና የወረቀት አበባ ከሕፃናት ጋር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መስከረም 1 ቀን ማለዳ ልጆች የሳሉትን ሥዕል ይዘው የጎረቤትና የዘመድ በር የሚያንኳኩበት፣ ልጃገረዶችም ለምለም ሣርና ዐደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» የሚሉበት ዕለት ነው። በሥዕሉ ላይ መልአክ፣ ፀሐይ፣ አበባ ወይም በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ይኖራል፤ ከሥሩም «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ሥራ ግን በብዙ ቤት ለታተመ ካርድና ለፎቶ ኮፒ ሥዕል ቦታውን እየለቀቀ ነው። ወላጆች ለምን እንደተዉት ሲጠየቁ የሚሰጧቸው ምክንያቶች ተመሳሳይ ናቸው፤ አብዛኞቹም ልክ አይደሉም። በእኔ እምነት ሥዕሉን የእንኳን አደረሰዎ መልእክት የሚያሰኘው የልጁ እጅ ያረፈበት መሆኑ ነው፤ የወላጅ ድርሻም ሥራውን ለዚያ ትንሽ እጅ እንዲመች አድርጎ ማሰናዳት ነው።

«ሕፃን ስለሚያበላሸው ትልቅ ሰው ቢያስተካክለው ይሻላል»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው አመለካከት ይህ ነው። ልጅ አበላሸ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዕድሜው በላይ የሆነ ሥራ ሲሰጠው ነው። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ እርሳስ ጨብጦ ወረቀት ላይ ይሞነጫጭራል፤ ወደ 3 ዓመት ሲጠጋ ክብ መሳል ይጀምራል፤ ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ የሚስለው ሰው አንድ ትልቅ ጭንቅላት ሆኖ እግሮቹ በቀጥታ ከጭንቅላቱ ይወጣሉ። ይህ ስሕተት ሳይሆን በዚያ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች የሚያልፉበት ደረጃ ስለሆነ፣ አባት ወይም እናት አንገትና ትከሻ ሊጨምሩበት አይገባም። ልጁ የተጨመረውን መስመር ያያል፤ ሥዕሉ የእርሱ መሆኑ እንደቀረም ይገባዋል። «አንተ ሳልልኝ» የሚለው ልመናም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

ስለዚህ ሥራው በዕድሜ ይከፋፈል። የ2 ዓመት ልጅ መዳፉን ቢጫ ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀት ላይ ያትማል፤ የእጁ ዐሻራ ራሱ የፀሐይ ጨረር ወይም የአበባ ቅጠል ይሆናል። የ3 ዓመት ልጅ ወረቀት በጣቱ ቀዶ ሙጫ በተቀባ ቦታ ላይ ይለጥፋል፤ መቀስም ቢሆን ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን ይዞ የወረቀት ጠርዝ መቆራረጥ ይችላል። በመስመር ላይ ተከትሎ መቁረጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 ዓመት በኋላ የሚመጣ ችሎታ ነው። ፊደል የለየው ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ደግሞ የመልካም ምኞቱን ጽሑፍ ይጽፋል። ለዚህ ልጅ አንድ የሚያስደስት ሥራ አለ፤ በኦርቶዶክሳውያን ቤት እያንዳንዱ ዓመት ከአራቱ ወንጌላውያን በአንዱ ስለሚጠራ፣ የዓመቱን ምልክት በካርዱ ጥግ መሳል ይችላል። ማቴዎስ በሰው፣ ማርቆስ በአንበሳ፣ ሉቃስ በላም፣ ዮሐንስ በንስር ይመሰላሉ። 2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ በመሆኑ ምልክቱ አንበሳ ነው፤ 2019 ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነው።

«ልዩ ዕቃና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል»

የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ወጥ ቤት ውስጥ ይገኛል። ሙጫ ለመሥራት አንድ እጅ የፉርኖ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጓል እስኪጠፋ ድረስ ይበጠበጣል፤ ከዚያ አራት እጅ በሚሆን የፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ ይጨመርና በአነስተኛ እሳት ላይ ነጭነቱ ለቅቆ መስተዋት መሳይ እስኪሆን ድረስ ይበስላል። ሲቀዘቅዝ ወረቀትንና ካርቶንን አጥብቆ ይይዛል፤ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠም ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ጉድለቱ ብዙ ውሃ ያለው በመሆኑ ወረቀቱን ማኮማተሩ ነው፤ በስሱ መቀባትና ሊደርቅ ሲል በከባድ መጽሐፍ መጫን ይህን ያስቀራል። በጳጉሜን የክረምቱ እርጥበት ገና ስላልወጣ፣ በዋዜማው ማታ የተለጠፈ ነገር ማለዳ ላይ ሳይደርቅ ሊገኝ ይችላል። ሥራውን ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መጨረስ ይገባል።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በትንሽ ሙቅ ውሃ ሲበጠበጥ ደማቅ ቢጫ ይወጣዋል፤ ከብጥብጡ ለብቻ ቀንሶ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ሲጨመርበት ደግሞ ልጁ ዓይን ሥር ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ይህን ለውጥ ያየ ልጅ ደግማችሁ አሳዩኝ ማለቱ አይቀርም፤ ቢደገምለትም የሚባክን ነገር የለም። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ፣ የቡናም አተላ ተጠልሎ ለቡናማ ቀለም ይሆናሉ። እርድ ልብስ ላይ ከያዘ በእጥበት በቀላሉ ስለማይለቅ ልጁን አሮጌ ልብስ ማልበስ ብልኅነት ነው።

«ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ሕፃንን አይጎዳም»

ይህ አመለካከት አደገኛ ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት። የባቄላ፣ የሽንብራና የበቆሎ ፍሬ እየለጠፉ ሥዕል መሥራት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ፍሬው ወደ አየር ቧንቧ ከገባ በእርጥበት ያብጣል፤ ልጁንም ሊያንቀው ይችላል። ለመለየት የሚያመች አንድ መንገድ አለ፤ በሶፍት ጥቅል ውስጠኛ የካርቶን ቱቦ ማለፍ የሚችል ማንኛውም ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ለሐብል ይመረጣል፤ ይሁን እንጂ ቢታኘክ ብርቱ መርዝ ያለው ነው፤ ለክር ሲበሳ ደግሞ ጠንካራ ልባሱ ስለሚከፈት አደጋው ይጨምራል። ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግለው የብርብራ ፍሬም ለሕፃን መጫወቻ አይሆንም። ከፋብሪካ ዕቃዎች ደግሞ የሚያስፈራው በሚዘምሩና በሚያበሩ ካርዶች ውስጥ ያለው ሳንቲም መሳይ ባትሪ ነው፤ ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንኳ ጉሮሮን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ልጁ እንደዋጠ ከተጠረጠረ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያስፈልጋል።

«ሥዕል የወንድ፣ አበባ የሴት ሥራ ነው»

ሥዕል ይዞ የመዞር ልማድ የወንዶች፣ የአበባየሆሽ ዜማ ደግሞ የልጃገረዶች ሆኖ መቆየቱ እውነት ነው። ቤት ውስጥ ተቀምጦ በመሥራት ረገድ ግን ልዩነት የሚያደርግ ምክንያት የለም፤ ሴት ልጅ መልአኩን ትሳል፣ ወንድ ልጅም አበባውን ይጠቅልል።

«ሥዕል ማደል ልጅን ልመና ያስለምዳል»

የብዙ ወላጆች ሥጋት ይህ ስለሆነ ተገቢውን ክብደት መስጠት ያስፈልጋል። በአንዳንድ ከተሞች አንድ ሥዕል በብዛት ተባዝቶ ለማያውቁት መንገደኛ እየተዘረጋ ገንዘብ ሲጠየቅበት ይታያል፤ ያን ያየ ወላጅ ልጁን ቢከለክል አይፈረድበትም። ሆኖም ችግሩ ያለው ሰላምታው በጠፋበት አሠራር ላይ ነው። በበዓላችን ልጆች ምርቃትና ዜማ ይዘው ሲመጡ ታላላቆች ባላቸው ነገር ይመልሱላቸዋል፤ ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው ቡሄም «ሆያ ሆዬ» ያሉ ልጆች ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ይህን ልመና የሚለው ሰው የለም።

ልጁን ከዚህ ልማድ ውስጥ ማስገባት የሚቻለው አካሄዱን በማስተማር ነው። ሥዕሉ የሚሰጠው ልጁ በስም ለሚያውቃቸው ሰዎች ይሁን፤ ለአያት፣ ለክርስትና አባት፣ ለጎረቤት፣ ሲያመው ላስታመመችው አክስት። ከመሣሉ በፊት «ይህ ለማን ይሁን? እርሳቸው ምን ይወዳሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚስለው ነገር ራሱ ይለወጣል፤ ላም የምታልብ አያት ላም፣ ጓሮ የሚያለማ ጎረቤት ዛፍ ይሳልላቸዋል። በር ላይ ሲደርስ «እንኳን አደረሰዎ» ብሎ በሁለት እጁ ይስጥ፤ ምርቃቱን እስኪጨርሱ ቆሞ ይስማ፤ «አሜን» ይበል። ገንዘብ ቢሰጡት አመስግኖ ይቀበል፤ ባይሰጡት ቆሞ አይጠብቅ። ታላላቆችም ድርሻ አለባቸው፤ ሥዕሉን ሳያዩ ሳንቲም ሰጥቶ በር መዝጋት ልጁን የሚያስተምረው የገንዘቡን ዋጋ ብቻ ነው። ቢያንስ «ይህ ምንድን ነው የሳልኸው?» ብሎ መጠየቅ፣ «እደግ» ብሎ መመረቅ፣ ሥዕሉንም ለእንግዳ በሚታይ ቦታ መስቀል ይገባል።

«ዐደይ አበባ በሌለበት አገር እንቁጣጣሽ አይደምቅም»

በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በአውሮፓ የሚኖሩ ቤተሰቦች ይህን ይላሉ። የዐደይን መስክ የሚተካ ነገር እንደሌለ አልክድም፤ ነገር ግን ልጁ አበባውን ራሱ ከሠራው ከተገዛ ጌጥ ይልቅ ይቀርበዋል። በሻይ ኩባያ አፍ ልክ ክብ ቢጫ ወረቀት ይቆረጣል፤ ሦስት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ይታጠፋል፤ ሰፊው ጠርዝ በመቀስ ክብ ተደርጎ ይከረከማል፤ ሲዘረጋ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ይሆናል። ሁለቱን ደርቦ መለጠፍ፣ መካከሉን በእርድ ቀለም ማድመቅ፣ ከአረንጓዴ ወረቀት የተጠቀለለ ግንድ መጨመር ይቀራል። ማጠፉንና መቁረጡን ትልቅ ሰው፣ መደረቡንና ማቅለሙን ልጁ ያድርጉት። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ጊዜ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውልና በዚያ አገር ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚሆኑ፣ ሥራውን በቀደመው ቅዳሜ ወይም እሑድ መጀመር ይሻላል። በአገር ቤት ላሉ አያቶች በፖስታ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ከነሐሴ መግቢያ በፊት ማሰብ ያስፈልጋል።

«ከበዓሉ በኋላ የሚጣል ነገር ነው»

ከሥዕሎቹ አንዱ ለቤት ይቀመጥ። በጀርባው የልጁ ስም፣ ዕድሜውና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበት፤ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር፣ ለምሳሌ 2018 ፳፻፲፰ ተብሎ ቢጻፍ ልጁ ቁጥሩን አብሮ ይማራል። የእርድ ቢጫ ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ስለሚደበዝዝ በመስኮት አጠገብ አይሰቀል፤ በደብተር ወይም በወፍራም ፖስታ ውስጥ ጨለማ ቦታ ላይ ይቀመጥ።