የማያንጠባጥብ ክዳን፦ ከጀበና እስከ ቢጫው ጀሪካን

ፈሳሽ ሳይደፋ የሚያስቀዳ ክዳን ማለት ሶስት ስራ አንድ ላይ የሚሰራ ክዳን ነው። ሲዘጋ ጠብታ አያሳልፍም፣ ሲቀዳ እየተቆራረጠ ሳይተፋ ቀጥ አርጎ ያወርዳል፣ መቅዳቱ ሲያበቃ ደግሞ የመጨረሻዋ ጠብታ በእቃው ጎን እንድትወርድ አይፈቅድም። ብዙ ሰው ክዳን ሲባል መጀመሪያዋን ብቻ ነው የሚያስበው፣ አስቸጋሪዎቹ ግን ሁለተኛዋና ሶስተኛዋ ናቸው፣ እኛ እዚህ ኮዬ ፈጬ ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን ከጀሪካን ወደ ባልዲ ከባልዲ ወደ ድስት ስንገለብጥ ስለምንውል ነገሩ በየቀኑ እጃችን ላይ ነው።

መነሻው አየር ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ከእቃ ወጣ ማለት አንድ ሊትር አየር ገብቶ ቦታውን መያዝ አለበት፣ አየሩ መግቢያ ካጣ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ያንስና የውጪው አየር ፈሳሹን መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። መግቢያውም መውጫውም ያው አንድ አፍ ሲሆን ሁለቱ በር ላይ ይጋፋሉ፣ ትንሽ ውሃ ይወጣል፣ ይቆማል፣ አየር አረፋ ሆኖ ይገባል፣ ከዛ ውሃው እንደገና ይገነፍላል፣ ያ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ስንቀዳ እግራችን የሚርሰው እጃችን ስለተንቀጠቀጠ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ማየት የፈለገ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይሙላና የአንዱን ቂጥ በሚስማር ይብሳ፣ ቀዳዳዋን በጣቱ ይዞ ሁለቱንም ይገልብጥና ጣቱን ያንሳ። ያልተበሳው እየተናነቀ ሲተፋ የተበሳው እንደ ክር ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ጣቱን መልሶ ሲደፍነው ደግሞ ያው መናነቅ ይጀምራል።

ይሄን እናቶቻችን በእጃቸው ያውቁት ነበረ። አንገትም መቅጃ አፍም ያለው ጀበና ቡናውን በመቅጃው ሲያወርድ አየሩን በአንገቱ ያስገባል፣ ለዛ ነው አንገቱ ጥብቅ ተደርጎ ሲደፈን ቡናው የሚቆራረጠው፣ ላላ ሲል ግን ከፍ ተደርጎ ሲቀዳ እንኳን ሲኒውን አይስትም። ማንቆርቆሪያ ደግሞ ስሙ ራሱ ስራውን ይናገራል፣ ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ እንፋሎት ብቻ ሳይሆን ሲቀዳ አየር የምታሳልፈው እሷ ናት። እንስራ ላይ ሌላ ችግር ነበር፣ ከምንጭ ታዝሎ ሲመጣ እየተናጠ እንዳይፈስ አፉ ላይ ቅጠል ይወተፍበታል፣ ቅጠሉ የውሃውን ማዕበል ይሰብራል እንጂ አየር አይዘጋም።

ጀሪካን የሚለው ስም የመጣው የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመኖችን "ጄሪ" እያሉ ይጠሩ ስለነበር ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ለጀርመን ጦር የተሰራው የብረት ጀሪካን 20 ሊትር የሚይዝ ሆኖ ላዩ ላይ ሶስት እጀታ ነበረው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲይዝ የመሃሉን፣ ሁለት ሰው ሲጋራው የዳርና ዳሩን፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ አንድ እጅ ሁለት ጀሪካን ይይዛል። እኔን ግን በጣም የሚገርመኝ አንገቱ ነው። ክዳኑ በማንሻ ተጭኖ ጥርቅም የሚል፣ ከገላው ጋር የተያያዘ ስለሆነ የማይጠፋ፣ ከአንገቱ ስር ደግሞ ላይኛው ጥግ ወዳለው ባዶ አየር የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች፣ ቤንዚኑ ሲወጣ አየሩ በሷ ይገባል። እንግሊዞቹ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ ይዘውት የነበረው የቆርቆሮ ጣሳ እያፈሰሰ ሲያስቸግራቸው የማረኩትን ጀሪካን መጠቀም ጀመሩ፣ በኋላም አስመስለው ሰሩት።

የኛ ቢጫው የፕላስቲክ ጀሪካን ቅርፁን ከሱ ወርሷል፣ ቱቦዋንና የማይጠፋውን ክዳን ግን አልወረሰም። የቀረለት ነገር አፉ ወደ አንድ ጥግ መሆኑ ነው፣ እሱም ቢሆን ካላወቁበት አይጠቅምም። ብዙ ሰው አፉን ወደታችኛው ጎን አርጎ ያጋድለዋል፣ ያኔ አፉ በሙሉ በውሃ ይደፈናል። አፉ በላይኛው ጎን እንዲሆን አርጎ ቀስ ብሎ ማጋደል ነው፣ ውሃው በታችኛው ግማሽ ሲወርድ አየሩ በላይኛው ግማሽ ይገባል። እጀታው ውስጡ ክፍት የሆነ ጀሪካን ሲሆን ደግሞ አየሩ በእጀታው በኩል ወደ ኋላ ስለሚያልፍ የበለጠ ይረጋጋል።

እኛ ብሎክ ውሃ የሚያመጣልን ባለጋሪ ልጅ አለ። 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በጀርባው ነው የሚያወጣው፣ አንድ ቀን ክዳኑ እያንጠባጠበ ሸሚዙ እስከ ወገቡ ርሶ ደረጃው ላይ መስመር ሰርቶ ደረሰ። "እትዬ ይቅርታ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ" አለኝና ከኪሱ ፌስታል አውጥቶ ሁለት እጥፍ አጠፈው፣ አፉ ላይ ወጠረው፣ ክዳኑን ከላይ ጨምቆ አሰረና የተረፈውን ዙሪያውን ቀደደው። ከዛ ጀሪካኑን ገልብጦ አሳየኝ፣ ጠብ የለም። ልጁ የሰራው ጎሚኒ ነው። የክዳን ጥርስ ብቻውን ውሃ አያቆምም፣ የጥርሱ ስራ መጫን ነው፣ የሚያቆመው ክዳኑና አፉ መሃል ገብቶ የሚጨመቀው ለስላሳ ነገር ነው። ክዳኑ ጨርሶ የጠፋበት ደግሞ ቆረቆንዳ ይወትፋል፣ ቆረቆንዳ ውሃ ስለሚመጥ ጥሩ ይገጥማል ግን ቆሻሻም አብሮ ይመጣል፣ ለመጠጥ ውሃ ባይሆን ጥሩ ነው። ዘይት በችርቻሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ደግሞ ከአፉ በተቃራኒ ላይኛው ጥግ ላይ በጋለ ሚስማር ይበሳና ሲጨርስ በክብሪት እንጨት ይደፍነዋል፣ ከአንገቱ ስር ያለችው የጀርመኖቹ ቱቦ ስራ ማለት ነው።

ሶስተኛዋ ስራ፣ ጠብታዋ፣ ሌላ ሳይንስ ነው። ቀስ ብለን ስንቀዳ ፈሳሹ ከጠርዙ መላቀቅ አቅቶት ዞሮ በእቃው ውጪ ይወርዳል፣ ማርኩስ ራይነር የሚባል ሳይንቲስት በ1956 እ.ኤ.አ. የሻይ ማንቆርቆሪያ ባህሪ ብሎ ስም አውጥቶለታል። ጠርዙ ወፍራምና ክብ ከሆነ ፈሳሹ ይዞት ይዞራል፣ ስለታማና ቀጭን ከሆነ ይቆርጠዋል። ዘይት ላይ ባሰ ይታያል፣ ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቃል፣ ከዛ አቧራ ይይዝና ጀሪካኑ ሁሌ እጅ ላይ የሚለጠፍ ይሆናል። የፈሳሽ ሳሙና ፋብሪካዎች ለዚህ ያመጡት መላ በጣም ቀላል ነው፣ መቅጃውን ሰፋ ያለ ቀለበት መሃል አስቀምጠው ቀለበቱን ወደ ውስጥ አጋድለው ትንሽ ቀዳዳ ሰጡት፣ የተንጠባጠበው ተመልሶ ወደ እቃው ይገባል። ሲጨመቅ ብቻ የሚከፈተው የማርና የካቻፕ ጠርሙስ ክዳን ደግሞ መሃሉ በመስቀል የተሰነጠቀ የሲሊኮን ቆዳ አለው፣ እጅ ሲለቀው ቆዳው ራሱን ይገጥማል፣ አየርም በዛው ይመለሳል።

ለቤንዚን የሚሆነው ከሁሉም የረቀቀ ነው። መቅጃው ጫፍ ላይ በሞላ፣ ማለትም በስፕሪንግ፣ የሚዘጋ ቫልቭ አለ፣ የሚሞላው ታንክ አፍ ላይ ሲጫኑት ይከፈታል፣ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ እዛው ጫፉ ላይ ስለሆነ ታንኩ ሞልቶ ቤንዚኑ ቀዳዳውን ሲደፍነው አየር ይቋረጥና መፍሰሱ በራሱ ይቆማል። አሜሪካ ከጥር 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረቱ የቤንዚን ጀሪካኖች መቅጃቸው በራሱ የሚዘጋና ትነት የማያስወጣ እንዲሆን አስገድዳለች። ሰዉ ግን አምርሮ ነው ያማረረው፣ ሞላው ይጠነክራል፣ ሁለት እጅ ይጠይቃል፣ ሲታገሉት ደግሞ የበለጠ ይደፋል አለ። ትችቱ እውነት አለው፣ ከባድ እቃ የያዘ ሰው ትርፍ እጅ የለውም፣ ክዳን የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ ባዶ ሳይሆን የሞላ ጀሪካን ራሱ ይዞ መሞከር ነበረበት።

ስለ ክዳን ሲወራ ልጆች መነሳት አለባቸው። በየሰፈሩ በረኪናም፣ ላምባም፣ ፈሳሽ ሳሙናም በሃይላንድ ተቀድቶ ነው የሚሸጠው፣ ላምባና በረኪና ደግሞ ከሩቅ ሲታዩ ከውሃ አይለዩም፣ የውሃ ክዳን የለመደ ልጅ አንድ ዙር አዙሮ ይከፍተዋል። ላምባ የጠጣን ልጅ ማስመለስ ደግሞ ይብሳል፣ ወደ ሳንባ ይገባልና፣ ሳያስመልሱ ቶሎ ሀኪም ጋር ማድረስ ነው። ወደታች ካልተጫነ የማይዞረው ክዳን ለዚህ ነው የተሰራው፣ አሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. ህግ ያወጣችለት ነው፣ ሁለቱን እንቅስቃሴ በአንዴ ማድረግ ለትንሽ ልጅ ይከብደዋል። ያ ክዳን በሌለበት ሰፈር ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥና ሃይላንዱን በጨርቅ ማሰር የግድ ነው፣ ይሄን ለጎረቤቶቼ ሁሉ እናገራለሁ።

ጀሪካንና ክዳን አንድ ላይ አይወለዱም። ጀሪካኑ የጋለ የፕላስቲክ ቱቦ ሁለት ሞልድ መሃል ተይዞ አየር ሲነፋበት ነው የሚሰራው፣ ክዳኑ ግን በሌላ ማሽን ፕላስቲክ ሞልድ ውስጥ ተገፍቶ ለብቻው ይሰራል። ሁለቱ ሞልዶች የሚገናኙበት መስመር በጎኑ ወጥቶ አፉ ድረስ ይመጣል፣ አፉ ላይ በደንብ ካልተላገ ክዳኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ በዛች መስመር ይንጠባጠባል። ቆራሌው የሰበሰበው ጀሪካን ምናለሽ ተራ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ክዳኑ የሌላ ጀሪካን ነው፣ የጥርሱ ርቀት ትንሽ ስለሚለይ ሁለት ዙር ሄዶ ይነክሳል። ስለዚህ ስትገዙ ክዳኑን አውልቃችሁ አፉን በጣት ዙሩት፣ ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለ ተዉት፣ ክዳኑን በእጅ እስከ መጨረሻው አዙሩት፣ ውስጡ ጎሚኒ መኖሩን እዩ፣ ከዛ ነጋዴው ትንሽ ውሃ እንዲጨምርበት ጠይቁና እዛው ፊቱ ገልብጡት።