የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችና የምርጫ ዕጩዎች፦ ሕጉ፣ አሠራሩና ጉዳቱ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

አንድ ኩባንያ በራሱ ስም ወጥቶ «ይህን ዕጩ ምረጡ» ሲል ለዕጩው ድጋፍ ሰጠ ይባላል። ብርድ ልብስ የሚሸምን ፋብሪካ ቢለው ነገሩ እምብዛም አያሳስብም፤ ብርድ ልብሱ የደገፈውንም የተቃወመውንም እኩል ያሞቃል። ፌስቡክን፣ ጉግልን፣ ኤክስን ወይም ቲክቶክን የያዘ ኩባንያ ሲለው ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ዕጩው ራሱን የሚያስተዋውቀው፣ ተፎካካሪው መልስ የሚሰጠው፣ መራጩም የሁለቱን የሚሰማው በእነዚህ ድርጅቶች በኩል ነውና።

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በመሐል ሜዳ ወይም በአረርቲ ለሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። እድር ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ በየሰፈሩ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ያሰማል። ጥሩምባው የተገዛው ከሁሉም አባል በተሰበሰበ መዋጮ ነው፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም እንደዚሁ። ጥሩምባ ነፊው እንደ ማንኛውም ዜጋ ድምፁን ለወደደው ይሰጣል፤ በቡና ላይም ሐሳቡን ይናገራል። በጥሩምባው ግን አይቀሰቅስም። ብዙ እድሮች ከፖለቲካም ከሃይማኖትም ገለልተኛ መሆናቸውን በመተዳደሪያ ደንባቸው የሚጽፉትም የተለያየ ወገን የሚደግፉ ሰዎች እርስ በርስ የሚቀባበሩበት ማኅበር ስለሆነ ነው። በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ላይ የሚነሣው ክርክርም መለየት የሚሻው ይህንኑ ነው፦ የሚናገረው ሰውየው ነው ወይስ ጥሩምባው?

ድጋፍ የሚመጣባቸው መንገዶች

ጉዳዩ በስፋት የታየው በአሜሪካ ስለሆነ ሕጉንም ከዚያ መጀመር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው የቲልማን ሕግ ኩባንያዎች ከካዝናቸው ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ ክልከላው ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ሲቲዝንስ ዩናይትድ» በተባለው መዝገብ የሰጠው ውሳኔ የለወጠው ሌላውን በር ነው። ከዚያ ወዲህ ኩባንያ ከዕጩው ጋር እስካልተመካከረና እስካልተቀናጀ ድረስ ዕጩውን ለመደገፍ ወይም ለመቃወም የፈለገውን ያህል ማውጣት ይችላል። ድጋፉን በጋዜጣዊ መግለጫ ማሳወቅም ይፈቀድለታል። የፌዴራል መንግሥት ሥራ ተቋራጭ የሆነ ኩባንያ ግን ለፌዴራል ምርጫ መዋጮ እንዳይሰጥ ተጨማሪ ክልከላ አለበት፤ ለመንግሥት የኮምፒውተር አገልግሎት የሚሸጡት ትልልቆቹ ኩባንያዎች በዚህ ገደብ ሥር ይወድቃሉ።

ሁለተኛው መንገድ ኩባንያው የሚያቋቁመው የፖለቲካ ኮሚቴ ነው፤ በተለምዶ ፓክ ይሉታል። ገንዘቡ የኩባንያው ሳይሆን ባለአክሲዮኖች፣ ሥራ አስኪያጆችና የአስተዳደር ሠራተኞች በፈቃዳቸው የሚያዋጡት ነው፤ ለአንድ ዕጩ ለአንድ ምርጫ የሚሰጠው ከ5,000 ዶላር አይበልጥም። እንዲህ ያሉ ኮሚቴዎች ብዙውን ጊዜ ለሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ያካፍላሉ። ዓላማቸው አንዱን ማስመረጥ ሳይሆን የተመረጠው ሁሉ በሩን እንዲከፍትላቸው ነውና ከድጋፍ ይልቅ እጅ መንሻ ቢባል ይቀርበዋል።

ሦስተኛው የባለቤቱ የግል ድጋፍ ነው፤ ክርክሩ ሁሉ የሚጠነክረውም እዚህ ላይ ነው። ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 2024 ዶናልድ ትራምፕን እንደሚደግፍ በራሱ መድረክ በኤክስ ላይ አስታወቀ። በዚያ የምርጫ ወቅት ያወጣው ገንዘብ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ በሪፖርት ተመዝግቧል። የኔትፍሊክስ መሥራች ሪድ ሄስቲንግስ በበኩሉ ካማላ ሃሪስን ደገፈ። በሕጉ ዓይን ሁለቱም ያደረጉት የግለሰብ ድጋፍ ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ኔትፍሊክስ ፊልም ያሳያል፤ ኤክስ የዕጩዎቹን ንግግርና የመራጩን ክርክር ያሳያል፣ የቱ ጽሑፍ ከላይ እንደሚወጣ የሚወስነውን ስሌትም ይዟል። ሰውየውና ጥሩምባው በአንድ እጅ ሲገቡ «በግሌ ነው የተናገርሁት» የሚለው መልስ አይበቃም።

ድጋፍ ያልተባሉ ድጋፎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፌስቡክ፣ ጉግልና ትዊተር (የዛሬው ኤክስ) ለዘመቻዎች ሠራተኛ እየመደቡ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ያግዙ ነበር። እርዳታው ለሁለቱም ወገን ቀረበ፤ የትራምፕ ዘመቻ ባለሙያዎቹን ቢሮው ድረስ ሲያስገባ የክሊንተን ዘመቻ እንዲህ ያለውን ቅርበት አልፈለገም። ኩባንያዎቹ ለሁለቱም እኩል አቀረብን ማለታቸው እውነት ነው፤ ውጤቱ እኩል አለመሆኑም እውነት ነው። ከምርጫ በኋላ የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. ለጥር 2025ቱ የትራምፕ በዓለ ሢመት የፌስቡክ ባለቤት ሜታና አማዞን እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተዋል። ለበዓለ ሢመት የሚሰጥ ስጦታ የምርጫ መዋጮ ተብሎ ስለማይቆጠር ኩባንያ በቀጥታ መስጠት ይችላል።

ሌሎች አገሮች ጠበቅ ያደርጋሉ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1995፣ ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የኩባንያ መዋጮን ከልክለዋል። በብሪታንያ ከ5,000 ፓውንድ በላይ ለመስጠት የባለአክሲዮኖች ስምምነት ያስፈልጋል። እነዚህ ሕጎች ግን የሚይዙት ገንዘብን ነው፤ የአንድ ጽሑፍ ከላይ መውጣትና ከታች መቅረት በፓውንድ አይለካም።

ከፍ ያለው አደጋ

መድረክ ያለ ገንዘብ ምርጫን ማነቃነቅ እንደሚችል የሚያሳይ በቁጥር የተደገፈ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የምክር ቤት ምርጫ ቀን ፌስቡክ ለ61 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች «ዛሬ የምርጫ ቀን ነው» የሚል መልእክት አሳየ። ለአብዛኞቹ መልእክቱ የወጣው ድምፅ ሰጥተናል ካሉ ጓደኞቻቸው ፎቶ ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመው ጥናት በዚያ አንድ መልእክት ወደ 340,000 ገደማ ተጨማሪ ድምፅ እንደተሰጠ ገምቷል፤ አብዛኛው የመጣው በጓደኛ በኩል ነው። መልእክቱ ለማንም አላዳላም። ነገር ግን ያው መልእክት ለአንድ ወገን ደጋፊዎች ብቻ ቢታይ የሚያደርገውን ማሰብ አያስቸግርም፤ ያልታየው ሰው ያልታየውን ስለማያውቅ አቤቱታ የሚያቀርብም አይኖርም።

ስለዚህ በግልጽ የተነገረ ድጋፍ ከሁሉ የከፋው አይደለም። በግልጽ የተናገረ ኩባንያ ቢያንስ ይታወቃል፤ መራጩም የሚያየውን በዚያ ልክ ይመዝናል። ጋዜጦች ለዘመናት ዕጩ ሲደግፉ የኖሩት በዚህ መንገድ ነው፤ አንባቢው የጋዜጣውን ወገን አውቆ ይገዛል። መድረክ ግን ጋዜጣ አይደለም። ማን ሐሰት ተናገረ፣ የማን ገጽ ይዘጋ፣ የማን ማስታወቂያ ይለፍ ብሎ በየቀኑ ይዳኛል። አንዱን ወገን በይፋ የደገፈ ዳኛ በኋላ ትክክለኛ ውሳኔ ቢሰጥ እንኳ የተሸነፈው ወገን አይቀበለውም። ግልጽነት ይህን ችግር ያሳያል እንጂ አይፈታውም፤ መድረክ የያዘ ኩባንያ በኩባንያነቱ ዕጩ መደገፍ የሌለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

የውስጥ ጉዳትም አለ። ሠራተኞች በአንድ ሐሳብ አይቀጠሩም፤ ኩባንያው ወገን ሲይዝ የተለየ ሐሳብ ያላቸው ዝም ይላሉ ወይም ይለቃሉ። የተደገፈው ዕጩ ከተሸነፈ ደግሞ አሸናፊው የሚሾማቸው ተቆጣጣሪዎች ኩባንያውን በምን ዓይን እንደሚያዩት መገመት ይቻላል። ዝም ማለትም በጊዜው ካልሆነ ዋጋ ያስከፍላል፦ ባለቤቱ የአማዞን መሥራች የሆነው «ዋሽንግተን ፖስት» እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024፣ ምርጫው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ከእንግዲህ ዕጩ አልደግፍም ሲል ከ200,000 በላይ ደንበኞች ውላቸውን አቋርጠዋል። ገለልተኝነት ገና ምርጫው ሳይሞቅ በደንብ ተጽፎ ካልተቀመጠ ፍርሃት ይመስላል።

በኢትዮጵያና በሰሜን ሸዋ

በኢትዮጵያ ምርጫውንና ፓርቲዎችን የሚገዛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ነው። ፓርቲ ከውጭ ዜጋም ሆነ ከውጭ ድርጅት መዋጮ መቀበል አይችልም፤ የመንግሥት ሀብትና ንብረትም ለአንድ ወገን ቅስቀሳ መዋል የለበትም። እነዚህ ሁለት ክልከላዎች አንድ ላይ ሲታዩ በስልክ አገልግሎት ላይ ላሉት ሁለት ድርጅቶች ዕጩ የመደገፊያ ቦታ አይተዉም። ኢትዮ ቴሌኮም አብዛኛው ድርሻው የመንግሥት ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገር ውስጥ ተመዝግቦ ቢሠራም ከኋላው ያሉት የውጭ ባለሀብቶች ናቸው። አንደኛው ቢደግፍ የሕዝብ ሀብት ነው የሚል፣ ሁለተኛው ቢደግፍ የውጭ እጅ ነው የሚል ክስ ወዲያው ይነሣል።

በሰሜን ሸዋ ነገሩን የሚያከብደው የስልኩ ብዙ ነገር መሆኑ ነው። በደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራው ወጣት፣ የሸዋ ሮቢቱ ሽንኩርት ነጋዴና የመንዙ በግ ሻጭ በአንድ ቀፎ ይደዋወላሉ፣ በቴሌብር ይከፍላሉ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ ዜና ያያሉ። ለሁሉም ደንበኞች አጭር መልእክት በአንድ ጊዜ መላክ የሚችል ድርጅት በምርጫ ሰሞን አንድ ስም ቢጽፍ መልእክቱ ኤሌክትሪክ ያልገባበት ቀበሌ ድረስ ይደርሳል፤ ተፎካካሪው ያንን ያህል ሰው በእግር ለማዳረስ ከአንኮበር ገደል እስከ ቆላው መውረድ አለበት። ድምፅ ከሚሰጥበት ዕለት በፊት ያሉት ጥቂት ቀናት የጥሞና ጊዜ ስለሆኑ ቅስቀሳ ይቆማል። በእነዚህ ቀናት ዘግይቶ የመጣ መልእክት መልስ የሚሰጠው ስለሌለ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

በከተሞቹ የሚታየው አነስተኛ ስሕተት የወኪል ሱቆች ነው። የኩባንያ ቀለም የተቀባ፣ የኩባንያ አርማ የተሰቀለበት የካርድና የገንዘብ ማስተላለፊያ ሱቅ በሩ ላይ የዕጩ ፎቶ ሲለጥፍ አላፊ አግዳሚው ኩባንያው የደገፈ ይመስለዋል። ባለሱቁ ግን በግሉ ነው የለጠፈው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፎቶውን ከአርማው ራቅ አድርጎ በመኖሪያ ቤቱ በር ወይም በራሱ መኪና ላይ መለጠፍ፣ የኩባንያውን ቲሸርት ለብሶ ቅስቀሳ አለመውጣት፣ የደንበኛን ስልክ ቁጥር ከሒሳብ መዝገብ አውጥቶ ለዘመቻ አለመስጠት። የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ገንዘብ ሊልክ የመጣ ሰው ቁጥሩን የሰጠው ለሌላ ነገር አይደለም።

ሐሰተኛ ድጋፍን ስለመለየት

በምርጫ ሰሞን ከእውነተኛው ይልቅ የሚበዛው የተፈበረከ ድጋፍ ነው፦ የኩባንያ አርማና የዕጩ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎ «ደገፈ» የሚል ምስል። ከ2013 ዓ.ም. ምርጫ ቀደም ብሎ ፌስቡክ በኢትዮጵያ ተጠቃሚዎች ላይ ያነጣጠሩ፣ ተቀናጅተው የሚሠሩ ሐሰተኛ ገጾችን እንዳነሣ ራሱ አስታውቋል።

ገጽን ለመመርመር የገጹን ስም ነክቶ «ስለ» ወደሚለው ክፍል፣ ከዚያ ወደ ገጽ ግልጽነት መግባት ይበቃል። ገጹ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ፣ ብዙ ጊዜም አስተዳዳሪዎቹ በየትኛው አገር እንዳሉ ይታያል። ትናንት የሙዚቃ ገጽ የነበረ ዛሬ የኩባንያ ስም ከያዘ አትመኑት። ቀጥሎ የኩባንያውን ዋና ድረ ገጽ መክፈት ነው፤ እውነተኛ መግለጫ እዚያ ካልተገኘ ምስሉን ለሌላ አለማስተላለፍ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ወንጀል አድርጓል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሆን ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። አዋጁ መድረኮችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ምስሉን ያየ ሰው ሊንኩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከስክሪን ፎቶው ጋር ይዞ መጠቆም አለበት። ፎቶው ብቻውን ሲላክ ገጹ ስሙን ከቀየረ ማን እንደለጠፈው ማሳየት ያስቸግራል።